ጋሽ ይለያልና የመስፉ ድምፅ

ጋሽ ይለያል በ1936 ዓ.ም. ከብረት ቀጥቃጭ አባታቸውና ወናፍ በመንፋት የክንዳቸው ጉልበት ከሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከበለጠው እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱትም ዛሬ ቤተሰቡ በሚኖርበት ቤት፣ ከብረት ቤቱ በአንድ ግድግዳ ብቻ በምትለየው ክፍል ውስጥ ነው። እናታቸው ምጡ እስኪፋፋም ድረስ ወናፉን አልለቀቁም ይባላል። አባታቸው ደግሞ የሕፃኑን ለቅሶ በግድግዳው በኩል ሰምተው፣ "ድምፁ ጥሩ ነው፤ ስንጥቅ የለበትም" አሉና የጋለው ብረት ሳይቀዘቅዝባቸው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ስለዚህ ውሸት ነው የሚል ቢመጣም ምስክር አያገኝም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ለምን ከዚያ በላይ እንዳልገፉ ሲጠየቁ፣ "እኔማ ገፍቼ ነበር፤ ትምህርቱ ነው የቆመው" ይሉ ነበር። እውነቱ ግን የደወሉ ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነበር። ደዋይ ሆነው ሲሾሙ የተሰጣቸውን ዱላ ንቀው የአባታቸውን መዶሻ ይዘው ሄዱ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ድምፁ እንዴት አምሮ እንደሚሄድ ለመስማት አንዴ መቱ፤ ጣፈጣቸውና ደገሙ፤ ከዚያ በኋላ ማቆም አቃታቸው። ተማሪው ወጣ፣ አጠገቡ ያለው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ወጣ፣ ሦስት ሰፈር ያለ ሰዓቱ ምሳውን በላ። ዳይሬክተሩም አባታቸውን ጠርተው፣ "ልጅዎና መዶሻው ተዋደዋል፤ እኛ መሐል ገብተን አናለያያቸውም" ብለው በሰላም አሰናበቷቸው።

ብረት ቤቱን ለማያውቅ፣ አንድ መስኮት ያላት፣ ግድግዳዋ በጥላሸት የጠቆረች፣ ወለሏ አፈር የሆነች ክፍል ናት። መሐሏ ላይ በግንድ ጉማጅ ላይ የተቀመጠ መስፍ አለ። መስፍ ማለት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት አስደግፎ የሚመታበት ደልዳላ ብረት ነው፤ ጥሩ መስፍ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። ከበሩ በላይ ደግሞ አንድ አግዳሚ ብረት አለ። በዚያ ቤት ባለሙያ ነው የተባለ ሰው አግዳሚው ለእሱ ወርዶ ይግላል፤ የራሱን ምልክት ይመታበታል፤ ተመልሶ ይሰቀላል። የአያታቸው ምልክት መስቀለኛ ጭረት ነው፣ የአባታቸው ክብ። ምልክት የሌለው ሰው እዚያ ቤት መቶ ዓመት ቢሠራ እንግዳ ነው። አድማጭ ይህን አግዳሚ ልብ ይበል፤ የጋሽ ይለያል ባለቤትም ልጅም ለዓመታት ያዘኑት በእሱ ምክንያት ነው።

ጋሽ ይለያል በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የበር ማጠፊያ ሠርተው በአባታቸው ፊት ሲያስመረምሩ፣ አባታቸው በሩን ሠላሳ ጊዜ ከፍተው ዘጉት። ሲጢጥ አላለም። በዚያው ሳምንት ሁለት ነጥቦች ከአባታቸው ክብ ጎን ተመቱ።

በ1957 ዓ.ም. ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል የሚሠሩትን የፈረስ ጫማ ሠሪ ሴት ልጅ ወደዱ። አባትየው ፈረስን እንጂ ሰውን የማያምኑ ነበሩና፣ ጋሽ ይለያል ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ሙያቸውን ሊያሳዩ አሰቡ። ማንም ሳያዛቸው ከምርጥ ብረት የፈረስ ጫማ ቀጠቀጡ። ጫማው እንከን የለሽ ነበር፤ ግራው የቀኙ መስታወት ይመስላል። ከዚያ የአንድ ጋሪ ፈረስ እግር አንሥተው ሲለኩት አልገጠመም። የፈረሱ ሰኮና በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያለ ነበር። ጋሽ ይለያል ቅንጣት ሳያመነቱ ሞረዳቸውን አነሡና የፈረሱን ሰኮና በጫማው ልክ ሊሞርዱት ጎንበስ አሉ።

እዚህ ላይ የሳቀ ሁሉ የፈረስ ጫማ ሠሪ ነው፤ ያልገባው ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ ብረቱን በልቡ ካለው ቅርፅ ጋር ያስማማል። የፈረስ ጫማ ሠሪ ግን ብረቱን ከእግሩ ጋር ነው የሚያስማማው፤ እግሩ የፈጣሪ ሥራ ነውና አይታረምም። አባትየው ሮጠው ደርሰው ክንዳቸውን ያዟቸው።

"ተው ልጄ! ጫማውስ አምሯል። እንግዲህ እሱን የሚያህል ፈረስ ፈልግለት።"

ልጅቷ ከግድግዳው ሥር ሆና፣ "አባዬ፣ ለምን እሱ ራሱ አይጫማውም?" አለች።

ፈረሱም አንገቱን ዞር አድርጎ አያቸው። ጋሽ ይለያል ያንን አስተያየት እስከ መጨረሻው አልረሱትም። ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈር ይቀይር ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ መዶሻቸውን ትተው ባዶ እጃቸውን መጡና፣ ያንን ክረምት ሙሉ ብረት ሳይነኩ የፈረስ እግር ሲያነሡ ከረሙ። ክረምቱ ሲወጣ ፈረሶቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው ሳይጠየቁ እግራቸውን ያነሡላቸው ጀመር። በመንገድ ዳር አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ፈረስ ካለ፣ ጋሽ ይለያል በዚያ በኩል አልፈዋል ማለት ነው ይባል ነበር። በ1958 ዓ.ም. ተጋቡ። ሙሽራዪቱ እሺ ያሉበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ "ሲሳሳት አየሁት፤ ሲመለስም አየሁት። ሌላ ምን ልይ?" ይሉ ነበር።

ይለያል የሚለው ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚያ የፈረስ ትምህርት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ እሳቸው ቀጥቃጭ፣ አማታቸው የፈረስ ጫማ ሠሪ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የልጅነት ጓደኛቸው ቆርቆሮ ሠሪው ነበሩ። ደንበኛ እንደመጣ በሩ አጠገብ ያገኘውን የመጀመሪያ ሰው ስለሚይዝ ሁሉም ነገር ወደ እሳቸው ይመጣል። አንዲት ሴት የሚያፈስ ባልዲ ይዘው መጥተው፣

"ጋሼ፣ ይቺን ቀዳዳ ድፈኑልኝ" አሏቸው።

"ይለያል! ይሄ የቆርቆሮ ሠሪው ነው።"

"ያው ብረት አይደለም እንዴ?"

"ያው ብረት? እርስዎስ ያው ሰው አይደሉም? በጎረቤትዎ ስም ብጠራዎት ደስ ይልዎታል?"

ሴትየዋ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው ስለነበር ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይለያል የመጣውን ሁሉ ደጃፍ ላይ አቁመው ያስረዱ ነበር። ቀጥቃጭ ብረቱን አግሎ በመዶሻ ይመታል፤ ቆርቆሮ ሠሪ ሳያግል በመቀስ ቆርጦ ያጥፋል፤ አንጥረኛ ሻማ በምታህል እሳት ወርቅ ያባብላል፤ የፈረስ ጫማ ሠሪ ደግሞ ከሚራገጥ ደንበኛ ጋር ይደራደራል። ትምህርቱ ረዝሞባቸው ያመጡትን ዕቃ ጥለው የሄዱ ሰዎች አሉ። ቆርቆሮ ሠሪውም ቁጭ ብለው ይተነኩሷቸዋል።

"ጋሽ ይለያል! ፀጉርህና ጢምህስ ይለያል?"

"እንዴታ! አንዱ ሸብቷል፣ አንዱ ሸሽቷል።"

በትዳራቸው ሁለት ሴቶችና በመሐል አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ብረት ቤቱ ለበር ማጠፊያ፣ ለመጥረቢያ፣ ለመስኮት ፍርግርግ ስሙ ተጠራ። መስፋቸውም እንደ እሳቸው ዝና አወጣ። በብርድ ወራት ቀጥቃጭ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጋለ ብረት መስፉ ላይ አጋድሞ ያሞቀዋል፤ የቀዘቀዘ መስፍ ጠርዙን ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሸረፋልና። ጋሽ ይለያል ግን ፊታቸውን ታጥበው ሲገቡ መስፋቸውን ዳሰስ ያደርጉና፣ "የእኔ መስፍ ይለያል፤ ብርድ የሚባል አያውቅም" ብለው ይጀምራሉ። እውነትም ሁልጊዜ ለብ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ለጎብኚ ሁሉ አስዳስሰዋል። ከሩቅ ሰፈር የመጡ ሁለት ቀጥቃጮች ዳስሰው፣ አፋቸውን ይዘው፣ የየራሳቸውን መስፍ እየረገሙ ተመልሰዋል።

ወንድ ልጃቸው በ1963 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን ሥራውን ከአባቱ ሥር ተምሯል። በ1981 ዓ.ም. ግን አንድ ትልቅ የመኪና ጋራዥ ተቀጥሮ ሄደና ከአምስት ዓመት በኋላ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን በጋሪ አስጭኖ ተመለሰ። ማሽኑን በብረት ቤቱ ጥግ ለማስቀመጥ፣ እግረ መንገዱንም ስለ አግዳሚው ብረት ለመጠየቅ አባቱ ፊት ቆመ።

"አባባ፣ እኔም እንግዲህ ባለሙያ ሆኛለሁ።"

"ይለያል" አሉ ጋሽ ይለያል። "ሁለት ብረት አጣብቆ መሄድ ሙያ አይደለም፤ ሙጫ ነው።"

"ማጣበቅ አይደለም እኮ፤ አቅልጬ አንድ ነው የማደርጋቸው።"

"እንዲያ ይባላል።"

ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ማሽኑን ከብረት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከግቢው ግንብ ሥር አቆመ፤ በላዩም ዳስ ሠራ። አባትና ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ፊት ለፊት ሲሠሩ ኖሩ። ልጅየው ለደንበኞቹ ስንት በር፣ ስንት የውሃ ማጠራቀሚያ በየደ! በቀን ሦስቴ ይነጋገራሉ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ይጫወታሉ። ስለ አግዳሚው ግን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ባለቤታቸው ነበሩ የማይሰለቹት። ምሳ ባቀረቡ ቁጥር፣

"የልጄ ምልክት የሚመታው መቼ ነው?" ይሏቸዋል።

"ሙያው ሲለይ።"

"አንተ ሰው፣ ፈረስ ልትሞርድ እንደነበር ረሳኸው?"

ጋሽ ይለያል ይህን ሲሰሙ ሌላ ትልቅ ጉርሻ ይጎርሳሉ። ምልክቱ ግን፣ ወይ ፍንክች።

ባለቤታቸው በ2008 ዓ.ም. በብርዱ ወራት መግቢያ ላይ አጭር ሕመም ታመው ዐረፉ። ጋሽ ይለያል ሐዘንተኛው ሁሉ ተሰናብቶ ቤቱ ጭር ሲልባቸው ወደ ሥራቸው ለመግባት ወሰኑ። ጠዋት ፊታቸውን ታጠቡ፣ ገቡ፣ እሳቱን አቀጣጠሉ፣ ለመጥረቢያ የሚሆን ብረት አጋሉ። መስፉን ሳይዳስሱ፣ ትልቁን መዶሻ ጠርዙ ላይ አሳረፉበት። የጮኸው እንደ ደወል አልነበረም። እንደ ተሰበረ ድስት ነበር። መዳፍ የምታህል የመስፉ ጥግ ተገንጥላ እግራቸው ሥር ወደቀች።

ትልቋ ልጃቸው ድምፁን ሰምታ መጣች። አባቷ ቁራጯን ይዘው እያገላበጡ፣ "ብርድ አያውቅም ነበር እኮ" ይላሉ።

"አባባ" አለች፣ "እማማ ናት እኮ ታሞቀው የነበረችው። እርስዎ ሲታጠቡ የጋለ ብረት ታጋድምበታለች፤ ሲመጡ ታነሣዋለች።"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለእንግዶቹ ሲያስዳስሱ ደስ ይልዎት ነበራ! እሷም ከበሩ ኋላ ሆና ትስቅ ነበር።"

ጋሽ ይለያል ጉማጁ ላይ ተቀመጡ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመስፋቸውን ልዩነት ሲያወሩ፣ ልዩነቱ ግድግዳ ማዶ ጭራሮ እያነደዱ ብረት ሲያግሉ የኖሩት ባለቤታቸው ነበሩ። ቆርቆሮ ሠሪው እንኳ በዚያ ቀን አልቀለዱባቸውም፤ ይህም በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

ቀጥቃጭ የራሱን መስፍ ቀጥቅጦ አይጠግንም፤ በምን ላይ አስደግፎ ይመታዋል? ጋሽ ይለያል ሁለት ቀን ሲያስቡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን የተገነጠለችውን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ግቢውን ተሻግረው፣ በልጃቸው ዳስ ፊት ቆሙ። ከማሽኑ መምጣት ወዲህ እዚያ ሲቆሙ ያኔ መጀመሪያቸው ነው።

"ይቺን ነገር... ያንተ ማሽን ይይዛታል?"

ልጅየው ቁራጯን አየ፤ አባቱን አየ። የብየዳ መከላከያውን ከግንባሩ ላይ አወለቀ።

"ይይዛታል። ግን ሳይሞቅ አልነካውም።"

"ምን አልክ?"

"መስፉ ቀዝቃዛ ሆኖ ብበይደው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በእርስዎ እሳት በደንብ መሞቅ አለበት። ስጨርስም በአመድ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። እኔ ብቻዬን አልችልም፤ እርስዎ እሳቱን ይያዙልኝ።"

ጋሽ ይለያል ይህን ሲሰሙ ከሰል ሊያመጡ ዞሩ። የማሞቅን ነገር ማን እንዳስተማረው ልጁን አልጠየቁትም።

መስፉን ለማንሣት አራት ሰው አስፈለገ። ግቢው መሐል በከሰል ከበቡት። አባት ወናፉን ያዙ፤ እንደ እናታቸው። መስፉ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ተንጫጭታ እስክትዘል አሞቁት። ከዚያ ልጅየው ቁራጯን ከቦታዋ አጋጥሞ፣ ብየዳው እንዲዘልቅ መጋጠሚያዋን ከፈት አድርጎ፣ በመስመር ላይ መስመር እየደረበ በየዳት። ትንሽ በየደ ቁጥር ይቆምና፣ "አባባ፣ እሳት!" ይላል። ጋሽ ይለያል በልጃቸው ታዘው እሳት ሲያራግቡ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። "ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ተነሥቼ እመጣ ነበር" ብለዋል። መስፉ በአመድ ተቀበረ። እስኪበርድ ድረስ ጋሽ ይለያል እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ከአጠገቡ አልራቁም።

በመጨረሻ ልጅየው ፊቱን ሞርዶ አስተካከለውና መስፉ በጉማጁ ላይ ተመለሰ። ጋሽ ይለያል መዶሻ ለቆርቆሮ ሠሪው ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አንዴ ደህናውን ምታ፣ አንዴ የተበየደውን። የቱን እንደመታህ አትንገረኝ።"

በድምፅ ብቻ የጎረቤትን መዶሻ ከነባለቤቱ ለይተው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንዴ ተመታ፤ ጮኸ። ሁለተኛ ተመታ፤ ጮኸ። ልጅየው በሩ ላይ ቆሟል።

"ድገመው" አሉ።

ተደገመ።

"አይለይም።"

"ምን አልክ?" አሉ ቆርቆሮ ሠሪው።

"ሰምተሃል።"

"ጆሮዬን ቆርቆሮ አደንቁሮት የለ? ድገምልኝ እንጂ!"

"አይለይም አልኩህ፣ አትነዝንዘኝ!"

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ወደ ዳሱ ሲመጣ ከብረት ቤቱ በር በላይ ባዶ ነበር። አግዳሚው ብረት ወርዶ እሳት ውስጥ ቀልቷል። ጋሽ ይለያል መጀመሪያ ራሳቸው መዶሻ አነሡና ከሁለቱ ነጥቦቻቸው ጎን አንዲት ትንሽ የፈረስ ጫማ መቱ። "ይቺ የእናትህ ናት። የሚያሞቅ ይቀድማል" አሉት። ቀጥለው መዶሻውን ለልጃቸው አቀበሉት። "ያንተን ምታ። ትናንት ሙያህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሙጫ ያልኩትን ተሳስቻለሁ።" እሱም እንደ ብየዳ መስመር የተያያዙ ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች መታ። አግዳሚው ሲሰቀል ቀጥ ብሎ መቀመጡን አባት ከግራ፣ ልጅ ከቀኝ ሆነው አዩ። ማሽኑም በዚያው ቀን ከዳሱ ወጥቶ ወደ ብረት ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጋሽ ይለያል ደጃፍ ላይ ለደንበኛ የሚሰጡት ትምህርት በአንድ ሙያ ረዘመ። ቀጥቃጩን፣ ቆርቆሮ ሠሪውን፣ አንጥረኛውን፣ የፈረስ ጫማ ሠሪውን ከዘረዘሩ በኋላ፣ "በያጅ ደግሞ የተለያየውን አቅልጦ አንድ ያደርጋል። እሱ ልጄ ነው" ይሉ ነበር። ሲደክማቸው ልጃቸው ይሠራል፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፁን ያርማሉ።

በ2015 ዓ.ም. የትንፋሽ ማጠር ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ ከጭስ እንዲርቁ ቢመክሯቸው፣ "የሲጋራ ጭስና የከሰል ጭስ ይለያል" ብለው ተከራክረዋል። ሐኪሙም ለሳንባ ሁለቱም አንድ እንደሆኑ በትዕግሥት አስረድተዋቸዋል፤ አላመኑም። ልጆቻቸው ሌትና ቀን ሳይለዩዋቸው ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ ሐሙስ የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በተወለዱባት ክፍል ውስጥ ዐረፉ። በግድግዳው በኩል የመስፉ ድምፅ እየተሰማ ነበር። ልጃቸው እንዳይረብሻቸው ሥራ ሊያቆም ሲል የከለከሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ይለያል ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ አንድ እህት፣ አሁን የሚተነኩሱት ያጡ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ጓደኛ፣ እንዲሁም ለትምህርታቸው ደጃፍ ላይ ለቆሙ ደንበኞች ሁሉ የማይጠፋ ትዝታ ትተው ሄደዋል። ሐዘናችንን ለመካፈል ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ሁሉ፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። ወደ ቤት ስትገቡ ከብረት ቤቱ በር በላይ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። መስቀለኛው፣ ክቡ፣ ሁለቱ ነጥቦች፣ ትንሿ የፈረስ ጫማ፣ ሦስቱ ግማሽ ጨረቃዎች በአንድ መስመር ናቸው። መስፉንም መዳሰስ የሚፈልግ ይዳስስ። ዛሬ ሥራ ባይኖርም፣ ልጃቸው ጠዋት አሙቆት ነው የመጣው።

ፈጣሪ የጋሽ ይለያልን ነፍስ ከባለቤታቸው ጎን፣ ነፋሻና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ያሳርፍልን። ከእሳት ጋር ያላቸውን ጉዳይ እዚሁ ጨርሰዋል።